ግሉኮስን በወርቅ ናኖቅንጣት ኦክሳይድ ለማድረግ፦ ዜኦላይት ወይስ ሌላ ተሸካሚ?

ግሉኮስን ወደ ግሉኮኒክ አሲድ ስለሚቀይሩ የወርቅ ካታሊስቶች (ለውጥ አፋጣኞች) የተጻፈውን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው የትኛውን ልምረጥ ብሎ መቸገሩ አይቀርም። ወርቁ በሚጫንበት ጠጣር፣ ማለትም በተሸካሚው፣ አይስማሙም፤ አንዱ ዋይ የተባለውን ዜኦላይት (ጠባብ ቀዳዳዎች ያሉት የሲሊከንና የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ክሪስታል) ያስቀድማል፣ ሌላው ቤታ የተባለውን፣ ሌላው ደግሞ ተራው የአሉሚኒየም ኦክሳይድ፣ አሉሚና፣ ይበቃል ይላል። ሁሉም ጥሩ ውጤት አገኘሁ ባይ ነው። ነገር ግን አንዱ የሠራው በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ቤዝ እየጨመረ፣ ሌላው ከ100 ዲግሪ በላይ ያለ ቤዝ ነው፤ አንዱ አየር ያስገባል፣ ሌላው ንጹሕ ኦክስጅን በግፊት። እንዲህ የተገኙ ቁጥሮችን በአንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ አይቻልም።

ስለዚህ ከመስፈርቱ እንጀምር። አቋሜን ግን ከወዲሁ ልናገር፦ ዜኦላይት የሚመረጠው ከወርቁ ሌላ የራሱ ሥራ ሲኖረው ነው። የሚፈለገው ግሉኮኔት (የግሉኮኒክ አሲድ ጨው) ብቻ ከሆነ ለማዘጋጀት የቀለሉና ለረጅም ጊዜ የተፈተኑ ተሸካሚዎች አሉ።

## ተሸካሚው ምን ይሠራል?

ወርቅ ለረጅም ዘመን ከካታሊስት ተራ የማይቆጠር ብረት ነበር። ጃፓናዊው ማሳታኬ ሃሩታና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 በብረት ኦክሳይዶች ላይ የተበተነ ደቃቅ ወርቅ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እንኳ እንደሚያቃጥል ሲያሳዩ አመለካከቱ ተቀየረ። በጣሊያን ሚላን ላውራ ፕራቲና ሚኬሌ ሮሲ በ1998 በካርቦን ላይ የተጫነ ወርቅ በፈሳሽ ውስጥ ዳዮሎችን (የአልኮል ዓይነት ናቸው) እየመረጠ ኦክሳይድ እንደሚያደርግ አሳዩ፤ በ2002 ደግሞ ተራው የግሉኮስ ሆነ።

ለምርጫችን ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ግን በ2004 የዚያው የሚላን ቡድን የሠራው ሙከራ ነው። ተመራማሪዎቹ ምንም ተሸካሚ የሌላቸው 3.6 ናኖሜትር ያህል የሆኑ የወርቅ ቅንጣቶችን በቀጥታ ከግሉኮስ ጋር አገናኙ። ቅንጣቶቹ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በካርቦን ላይ ከተጫኑት ጋር የሚወዳደር ፍጥነት አሳዩ። ብዙም ሳይቆይ ግን እርስ በርስ ተጣብቀው ተለቁና ሥራቸውን አቆሙ። ከዚህ የምንረዳው በቤዛዊ ፈሳሽ ውስጥ ግሉኮስን የሚቀይረው ወርቁ ራሱ መሆኑን ነው። የተሸካሚው ቀዳሚ ድርሻ ቅንጣቱን አራርቆ፣ ትንሽ እንደሆነ ማቆየት ነው። “ይህ ተሸካሚ ፍጥነቱን በእጥፍ ጨመረ” የሚል ጽሑፍ ሲያጋጥም፣ በሁለቱም ናሙናዎች የወርቁ ቅንጣት መጠን እኩል ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

## መስፈርቶቹ

የቅንጣት መጠን። 3 ናኖሜትር በሆነ የወርቅ ቅንጣት ውስጥ ከአቶሞቹ 40 በመቶ ያህሉ ገጽ ላይ ናቸው። ቅንጣቱ ወደ 10 ናኖሜትር ሲተልቅ ግን 12 በመቶ ያህል ብቻ ይቀራሉ፤ የቀረው ወርቅ ከውስጥ ተቀብሮ ያለ ሥራ የተከፈለበት ብረት ነው። ካታሊስቱ ሲገዛም ሲሠራም ከ2 እስከ 5 ናኖሜትር ያለውን መጠን ይፈልጉ። አማካዩ ብቻ አይበቃም፤ ስርጭቱን የሚያሳይ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መረጃ ይጠይቁ።

በፒኤቹ (የፈሳሹ የአሲድና የቤዝ መለኪያ) ውስጥ መቆየት። ግሉኮኒክ አሲድ በተፈጠረ ቁጥር ፒኤቹ ይወርዳል፣ ወርቁም ይዳከማል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ እያደረጉ ፒኤቹን ከ8 እስከ 9.5 ባለው ክልል ይይዙታል። 1 ኪሎ ግራም ግሉኮስ ሙሉ በሙሉ እስኪቀየር 222 ግራም ያህል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይጠይቃል። ተሸካሚው ሰዓታትንና ቀናትን የሚያሳልፈው በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ነው። ዜኦላይት የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው፤ ወደ ኋላ በሰፊው እመለስበታለሁ።

ግሉኮስ ወርቁን ማግኘቱ። ቀለበት የሠራው የግሉኮስ ሞለኪውል ስፋቱ 0.8 እስከ 0.9 ናኖሜትር ይሆናል። ወርቁ ከዚህ በጣም በጠበበ ቀዳዳ ጀርባ ከተቀመጠ አለ ማለት አይቻልም።

አዘገጃጀት። ከተመዘነው ወርቅ ስንቱ በእርግጥ ተሸካሚው ላይ ተቀመጠ? ከማጠቢያው ጋር የሄደው ወርቅ ከበጀት የሄደ ነው።

መለየት። ካታሊስቱ ከፈሳሹ በቀላሉ ይጣራል ወይ? አብዛኞቹ የዜኦላይት ዱቄቶች ከአንድ ማይክሮሜትር ባነሱ ወይም በዚያ አካባቢ ባሉ ክሪስታሎች የተሠሩ ስለሆኑ ማጣሪያ ይደፍናሉ። አሉሚና ግን በእንክብል መልክ በቀላሉ ይገኛል።

የተሸካሚው የራሱ ኬሚስትሪ። አሲዳማ ወይም ቤዛዊ ቦታዎች ያሉት ተሸካሚ ግሉኮስን ወደ ፍሩክቶስ ሊለውጥ ይችላል። እንደ ዓላማው ይህ ጉዳትም ጥቅምም ነው።

## የዜኦላይት ቀዳዳና የወርቅ መጠን አለመግባባት

ዜኦላይት ሲነሳ ወዲያው የሚጠቀሰው ሰፊው የገጽ ስፋቱ ነው፤ በአንድ ግራም ብዙ መቶ ካሬ ሜትር። ነገር ግን ይህ ስፋት ከሞላ ጎደል ያለው በጠባቦቹ ቀዳዳዎች ውስጥ ነው። የዋይ ዜኦላይት መግቢያ 0.74 ናኖሜትር፣ የውስጡ ክፍል 1.3 ናኖሜትር ገደማ ነው። የቤታ መግቢያ 0.67 ናኖሜትር ያህል፣ የዜድኤስኤም-5 ደግሞ 0.55 ናኖሜትር ያህል ነው። 3 ናኖሜትር የሆነ የወርቅ ቅንጣት በአንዱም ውስጥ አይገባም። በተለመደው ዘዴ የተሠራ ካታሊስት ላይ ወርቁ የሚቀመጠው በክሪስታሉ ውጫዊ ገጽ ላይ ነው፤ ያ ገጽ ደግሞ ከጠቅላላው ጥቂቱ ክፍል ነው።

እንግዲህ ሁለት ዜኦላይቶችን ስናወዳድር የቢኢቲ ቁጥራቸው (በናይትሮጅን የሚለካው ጠቅላላ የገጽ ስፋት) ብዙም አይነግረንም። የሚጠቅመው የውጫዊው ገጽ ስፋት፣ የክሪስታሉ ትንሽነትና የመካከለኛ ቀዳዳዎቹ መጠን ነው። አቅራቢ የቢኢቲውን ብቻ ከሰጠ ውጫዊውንም ይጠይቁ፤ ከዚያው የናይትሮጅን መለኪያ የሚሰላ ስለሆነ ተጨማሪ ሙከራ አያስፈልገውም።

ወርቁን በክሪስታሉ ውስጥ ቀብሮ ማሳደግም ይቻላል። በሲሊካላይት-1 (አሉሚኒየም የሌለው የዜድኤስኤም-5 ዘመድ) ውስጥ የታሸገ ወርቅ ትንሹን ቤንዛልዲሃይድ ኦክሳይድ አድርጎ፣ ግዙፍ ቅርንጫፎች ያሉትን ዘመዱን ሳይነካ እንደሚተወው በ2010 ታይቷል። ቅንጣቶቹም ሙቀት ሲበረታ አይጣበቁም። ውብ ሥራ ነው። ለግሉኮስ ግን ያው መራጭነት በሩን ይዘጋበታል፤ የሲሊካላይት-1 ቀዳዳ እንደ ዜድኤስኤም-5 ጠባብ ነው። ለዚህ ሥራ አልመክረውም።

## አማራጮቹ አንድ በአንድ

ዋይ ዜኦላይት፣ በሶዲየም መልኩ። የሲሊከንና የአሉሚኒየም ምጥጥኑ 2.5 አካባቢ የሆነው ዋይ የሚሠራው ራሱ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ስለሆነ መለስተኛ ቤዝን ይችላል። በአሉሚኒየም የበለጸገው ዘመዱ ኤ ዜኦላይት ውኃ ለማለስለስ በልብስ ማጠቢያ ዱቄት ውስጥ ሲገባ ቤዛዊውን ውኃ የሚችለውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ጠላቱ አሲድ ነው፤ ፒኤቹ ሲወርድ አሉሚኒየሙ ከመዋቅሩ እየወጣ ክሪስታሉ ይፈርሳል። የፒኤች መቆጣጠሪያው ለአንድ ሌሊት ቢቆም የተጠራቀመው ግሉኮኒክ አሲድ ራሱ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ ሲነሳ አላይም። ግሉኮኔት በቤዛዊ ፈሳሽ ውስጥ ብረቶችን ጠፍንጎ የሚይዝ ኬሚካል ነው፤ ፋብሪካዎች ለጠርሙስና ለብረት ማጽጃ የሚገዙትም ለዚሁ ነው። የምናመርተው ነገር ከተሸካሚው አሉሚኒየም የመንቀል ዝንባሌ አለው ማለት ነው። ስለዚህ በዋይ የሚሠራ ሰው በፈሳሹ ውስጥ ወርቅን ብቻ ሳይሆን አሉሚኒየምንና ሲሊከንንም ይለካ።

አሉሚኒየሙ የተቀነሰለት ዋይ። ለአሲድ ጠንካራ፣ ለቤዝ ደካማ ነው። በቤዛዊው ሂደት ውስጥ ሲሊከኑ ቀስ በቀስ ይሟሟል። በ9.5 ፒኤች ለረጅም ጊዜ የሚቆም ሪአክተር ውስጥ ባይገባ ይሻላል።

ቤታ። ግሉኮስ በቤታ ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ እንደሚሠራ በደንብ ይታወቃል፤ ቆርቆሮ የተተከለበት ቤታ በ2010 ግሉኮስን በውኃ ውስጥ ወደ ፍሩክቶስ ሲለውጥ ታይቷል። ክሪስታሎቹ ብዙ ጊዜ ደቃቅ ስለሆኑ ውጫዊ ገጹም ይሰፋል። ከተራዎቹ ዜኦላይቶች ውስጥ ለወርቅ የሚመቸኝ እሱ ነው። ለማጣራት ግን ያስቸግራል፤ ደቃቅነቱ በሁለቱም በኩል ይሠራል።

ዜድኤስኤም-5። በሙቅ ውኃ ውስጥ ከዋይ የበለጠ ጽኑ ነው። ግሉኮስ ግን ወደ ውስጡ በቀላሉ አይገባም፤ ስለዚህ እዚህ የውጭ ገጽ ከመሆን ያለፈ ሥራ የለውም።

መካከለኛ ቀዳዳ የተከፈተለት ዜኦላይት። ዜድኤስኤም-5ን በ0.2 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ በ65 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ለ30 ደቂቃ በማቆየት ከ2 ናኖሜትር በላይ የሆኑ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ፤ የሲሊከንና የአሉሚኒየም ምጥጥኑ ምቹ ክልል ከ25 እስከ 50 ነው። ወርቁም ግሉኮሱም ስፍራ ያገኛሉ። ከዜኦላይት አማራጮች ለዚህ ሥራ በሐሳብ ደረጃ የተሻለው ይህ ነው። ነገር ግን ያ የማዘጋጃ ስልት ማስጠንቀቂያም ነው፦ ግማሽ ሰዓት ቤዝ ውስጥ መቆየት ሆን ብሎ ቀዳዳ የሚከፍት ከሆነ፣ ለሳምንታት ቀለል ባለ ቤዝ ውስጥ መቆየትም በራሱ ጊዜ መዋቅሩን መብላቱ ይጠበቃል።

አሉሚና። ርካሽ፣ በእንክብል የሚገኝ፣ ወርቅን በቀላሉ የሚቀበል። ጀርመን ውስጥ በብራውንሽቫይግ በ2007 የታተመ ሥራ በአሉሚና ላይ የተጫነ ወርቅ ግሉኮስን በተከታታይ ፍሰት ከ3 ወር በላይ ሳይዳከም ሲቀይር አሳይቷል። ለዜኦላይት የሚቀርበው ንጽጽር ይህን ያህል ዕድሜ ካላሳየ፣ የአንድ ሰዓት ፍጥነቱ ቢበልጥም ክርክሩን አያሸንፍም።

ታይታኒያ (የታይታኒየም ኦክሳይድ)። ገጹ ከኤሌክትሪክ ሙላት ነጻ የሚሆንበት ፒኤች 6 አካባቢ ስለሆነ ወርቁን በዝግታ ለማስቀመጥ ይመቻል፣ ቅንጣቶቹም ወጥ ይሆናሉ። ለመማሪያና ለማነጻጸሪያ ጥሩ ነው።

ካርቦን። አስቀድሞ የተሠራ የወርቅ ቅንጣት በቀላሉ ይለጠፍበታል፣ አሲድም ቤዝም አይነካውም። ሲዳከም ግን የተለጠፈበትን ቆሻሻ በአየር አቃጥሎ ማደስ አይቻልም፤ ተሸካሚው አብሮ ይቃጠላል።

ኤንዛይም። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ ከንጽጽሩ መቅረት የለበትም፤ ለግሉኮኒክ አሲድ ምርት አሁንም የሚመራው አስፐርጊለስ ኒጀር የተባለው ሻጋታና ኤንዛይሙ ናቸውና። ኤንዛይሙ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ፣ መለስተኛ አሲዳማ በሆነ ፈሳሽ ውስጥ በአስደናቂ መራጭነት ይሠራል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ስለሚያመነጭ የሚያጠፋለት ካታሌዝ ያስፈልገዋል። ወርቅ የሚበልጠው ሙቀትን በመቻሉና ከግሉኮስ ሌላ ላክቶስን፣ ማልቶስን፣ ዛይሎስንም በመቀየሩ ነው።

| አማራጭ | በቤዝ ውስጥ | በአሲድ ውስጥ | ወርቅ መጫን | ማጣራት | የሚመቸው ለ |
|---|---|---|---|---|---|
| ሶዲየም ዋይ | መካከለኛ | ደካማ | ከባድ | ከባድ | ጥናት፣ ፒኤች ለሚጠበቅበት ሥራ |
| አሉሚኒየሙ የተቀነሰ ዋይ | ደካማ | ጥሩ | ከባድ | ከባድ | ያለ ቤዝ ለሚሠራ ሂደት |
| ቤታ | ደካማ እስከ መካከለኛ | ጥሩ | ከባድ | በጣም ከባድ | ጥምር ሂደት |
| ዜድኤስኤም-5 | መካከለኛ | ጥሩ | ከባድ | ከባድ | ለግሉኮስ ብዙም አይመከርም |
| መካከለኛ ቀዳዳ ያለው | ደካማ እስከ መካከለኛ | ጥሩ | መካከለኛ | ከባድ | ጥምር ሂደት፣ ጥናት |
| በክሪስታል የታሸገ ወርቅ | ደካማ | ጥሩ | በጣም ከባድ | ከባድ | ትንንሽ ሞለኪውሎች ብቻ |
| አሉሚና | ጥሩ | መካከለኛ | ቀላል | ቀላል | ተከታታይ ምርት |
| ታይታኒያ | ጥሩ | ጥሩ | ቀላል | መካከለኛ | ማነጻጸሪያ፣ ምርት |
| ካርቦን | ጥሩ | ጥሩ | ቀላል | መካከለኛ | ፈጣን ጅማሮ |
| ኤንዛይም | ደካማ | በመለስተኛ አሲድ ጥሩ | የለም | እንደ አያያዙ | ግሉኮስ ብቻ፣ ዝቅተኛ ሙቀት |

## ወርቅን ዜኦላይት ላይ መጫን ለምን ይከብዳል?

የዜኦላይት መዋቅር አሉታዊ ሙላት አለው። ብዙውን ጊዜ የምንነሳበት ክሎሮኦሪክ አሲድ ደግሞ በፈሳሽ ውስጥ የሚሰጠው አሉታዊ የወርቅ አዮን ነው። ሁለቱ ይገፋፋሉ። በአሉሚናና በታይታኒያ ላይ ያለ ችግር የሚሠራው የማዝቀጥ ዘዴ በዜኦላይት ላይ ሲደገም ከወርቁ ብዙው በማጠቢያው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ “1 በመቶ ወርቅ” የሚል መለያ የተመዘነውን ይሁን የተለካውን ሳያረጋግጡ አይቀበሉት።

መውጫዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው አዎንታዊ ሙላት ያለው የወርቅና የኤቲሊንዳያሚን ውሁድ ተጠቅሞ አዮን መለዋወጥ ነው። ሁለተኛው ገጹ ላይ አሚን ተክሎ ወርቁን መሳብ ነው። ሦስተኛውና እኔ የማስቀድመው፣ ቅንጣቱን በፖሊቪኒል አልኮልና በሶዲየም ቦሮሃይድራይድ አስቀድሞ ሠርቶ መለጠፍ ነው፤ የቅንጣቱ መጠን ከተሸካሚው በፊት ስለሚወሰን ሁለት ተሸካሚዎችን በእኩል ወርቅ ማወዳደር ያስችላል። በካርቦንና በታይታኒያ ላይ እንደሚደረገው ፈሳሹን በሰልፈሪክ አሲድ ወደ ፒኤች 1 ወይም 2 ማውረድ ግን ሶዲየም ዋይን ያፈርሰዋል።

የቀረ ክሎራይድ በማሞቅ ጊዜ ቅንጣቶቹን ያስተልቃል፤ በሚገባ ማጠብ ያስፈልጋል። በአሞኒያ ማጠብን የሚመክሩ ስልቶች አሉ። እባክዎ እዚህ ላይ ይጠንቀቁ፦ የወርቅ ክሎራይድና አሞኒያ ሲገናኙ ሲደርቅ የሚፈነዳ ውሁድ ሊፈጠር ይችላል። ያለ ልምድ ካለው ሰው ክትትል አይሞክሩት።

## ለማን የትኛው?

ዓላማዎ ግሉኮኔት ማምረት ብቻ ከሆነና በጀቱ ውስን ከሆነ፣ አሉሚና ይግዙ። በወርቁ ጥራት ላይ አይሳሱ፣ በብዛቱ ላይ ግን ይሳሱ፦ በ1 የወርቅ አቶም 10,000 የግሉኮስ ሞለኪውል ከተቀየረ ለ1 ኪሎ ግራም ግሉኮስ 0.11 ግራም ያህል ወርቅ፣ ማለትም 11 ግራም ያህል ባለ 1 በመቶ ካታሊስት ይበቃል። ያው ቁጥር 1,000 ብቻ ከሆነ ወርቁ ወደ 1.1 ግራም ይወጣል። ካታሊስቱ ስንት ጊዜ ተመልሶ እንደሚሠራ ሒሳቡን የሚወስነው ለዚህ ነው።

ከስታርች ወይም ከሴሎባዮስ (ከሁለት ግሉኮስ የተሠራ ስኳር) ተነሥተው በአንድ ዕቃ ውስጥ፣ በጥምር ሂደት፣ ወደ ግሉኮኒክ አሲድ መድረስ ከፈለጉ፣ ዜኦላይት ተራው የሚደርሰው ያን ጊዜ ነው። አሲዳማ ቦታዎቹ ሰንሰለቱን ይቆርጣሉ፣ ወርቁ የተገኘውን ግሉኮስ ይቀበላል። በሃይድሮጅን መልኩ ያለ ቤታ ወይም መካከለኛ ቀዳዳ የተከፈተለት ዜኦላይት ይሞክሩ። ዋጋውንም ይወቁት፦ ቤዝ ስለማይጨመር ወርቁ ይዘገያል፣ ሙቀቱ መጨመር አለበት፣ ሙቀቱ ሲጨምር ደግሞ ፍሩክቶስና ሃይድሮክሲሜቲል ፈርፈራል የተባሉ ያልተፈለጉ ውጤቶች ይመጣሉ።

የምርምር ተማሪ ከሆኑና ርዕስዎ ዜኦላይት ከሆነ፣ የታይታኒያ ናሙና አብሮ ይኑርዎት፤ ሁለቱም ላይ ያው የወርቅ ቅንጣት ይለጠፍ። ያለዚያ ያገኙት ልዩነት የተሸካሚው ይሁን የቅንጣቱ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ጊዜ አጭር፣ መሣሪያም ጥቂት ከሆነ ካርቦን በጣም ቶሎ ያደርሳል። ዝቅተኛ ሙቀት ለሚፈለግበትና የሚቀየረው ግሉኮስ ብቻ ለሆነበት ሥራ ደግሞ ኤንዛይሙን ያለ ቅሬታ እመክራለሁ።

## ከመወሰን በፊት የሚሠሩ ፈተናዎች

የመጀመሪያው ኦክስጅን ነው። በ25 ዲግሪ በ1 አትሞስፌር ንጹሕ ኦክስጅን የጠገበ ውኃ በሊትር 1.25 ሚሊሞል ያህል ብቻ ይይዛል። 1 ሞላር ግሉኮስን ሙሉ በሙሉ ለመቀየር 500 ሚሊሞል ያስፈልጋል፤ ፈሳሹ የያዘውን 400 ጊዜ መልሶ መሙላት ማለት ነው። ማማሰሉ ደካማ ከሆነ ሁሉም ካታሊስቶች እኩል ይመስላሉ፤ የሚለካው የኦክስጅኑ መሟሟት እንጂ ወርቁ አይደለም። የካታሊስቱን መጠን በግማሽ ቀንሰው ፍጥነቱ በግማሽ ካልቀነሰ ንጽጽሩ ገና አልተጀመረም።

ቀጥሎ ወርቅ የሌለበትን ተሸካሚ በዚያው ፒኤችና ሙቀት ይሞክሩ። ግሉኮስ በቤዝ ውስጥ ራሱ እየተበላሸ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይበላል፤ ስለዚህ የቤዙ ፍጆታ ብቻውን የግሉኮኔት ማረጋገጫ አይሆንም። ከዚያ ግማሹ ሲቀየር ካታሊስቱን በትኩሱ አጣርተው ፈሳሹን ይቀጥሉ፤ ለውጡ ካልቆመ ወርቁ ከተሸካሚው ወጥቷል። ያገለገለውን ዜኦላይት በኤክስሬይ ዲፍራክሽን አይተው የክሪስታሉ ምልክቶች መዳከማቸውን ከአዲሱ ጋር ያስተያዩ።

በመጨረሻም የኤችፒኤልሲውን (በፈሳሽ ውስጥ ያሉ ውሁዶችን በዓምድ ለይቶ የሚለካው መሣሪያ) ጉዳይ ያጣሩ። ለስኳርና ለአሲድ በሚለመደው አዮን አግላይ ዓምድ ላይ ግሉኮስና ግሉኮኒክ አሲድ ከሞላ ጎደል በአንድ ጊዜ ይወጣሉ። በብርሃን ስብራት መለኪያ ብቻ የተነበበ ውጤት ያልተቀየረውን ግሉኮስ ምርት አድርጎ ሊቆጥር ይችላል። ከጎኑ በ210 ናኖሜትር የሚያነብ የአልትራቫዮሌት መለኪያ ይጨመር፣ ወይም ሁለቱን የሚለይ ዓምድ ይመረጥ፤ የአቅራቢውንም የመራጭነት ቁጥር ሲቀበሉ በየትኛው ዓምድና መለኪያ እንደተነበበ አብረው ይጠይቁ።